ከለንደን ሲድኒ ስንት ሰዓት ነው? የኪሎ ሜትሩ ሒሳብ ከቲኬቱ ጋር ለምን አይገጥምም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴና እኔ በዲሴምበር ከለንደን ወደ ሲድኒ ልንሄድ ነው። ርቀቱን ስፈልግ አንዱ 17,016 ይላል፣ ሌላው 10,573፣ ሌላው ደግሞ 9,188። የመጀመሪያውን ይዤ፣ አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብዬ ሳካፍል 19 ሰዓት ገደማ መጣልኝ። ቲኬታችን ግን ሰኞ 20:30 ተነስታችሁ ረቡዕ 06:30 ትደርሳላችሁ ይላል። ባለቤቴ ቆጥራ 34 ሰዓት ነው አለች። ስንመለስ ደግሞ 16:00 ተነስተን በማግስቱ 05:30 ለንደን ነን። 13 ሰዓት ተኩል! ትራንዚታችን ሲንጋፖር ነው። ያው መንገድ እንዴት በዚህን ያህል ይለያያል? ያገኘሁት በረራ ሁሉ ትራንዚት አለው፣ በቀጥታ ለምን አይሄዱም?»

መልሱን ላስቀድም። ስትሄዱ 23 ሰዓት ነው፣ ስትመለሱ 24 ሰዓት ተኩል። 34ቱም 13 ተኩሉም የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት የፈጠራቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ማንም ሰው ያን ያህል አይጓዝም። የአንተ 19 ሰዓት ደግሞ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን ነፋስ የሌለበት፣ ማረፍም መነሳትም የሌለበት በረራ ሒሳብ ነው። ሥራዬ የበረራ ዕቅድ ማውጣት ስለሆነ ይሄን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ፤ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ ሦስቱን ቁጥሮች እናስታርቅ። ሦስቱም አንድ ርቀት ናቸው። 17,016 በኪሎ ሜትር፣ 10,573 በተለመደው ማይል፣ 9,188 በኖቲካል ማይል። የመጨረሻው የእኛ የአቪዬሽንና የመርከበኞች መለኪያ ነው። አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከመሬት ክብ ላይ የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ስለሆነ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ ለሚያሰላ ሰው ይመቻል። ርቀት የሚነግሩ ገጾች አንዳንዴ መለኪያውን በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል ወይም ጭራሽ ይተዉታል። ቁጥር ሲጋጭብህ መጀመሪያ እሱን ፈትሽ።

ይሄ 17,016 ከየት መጣ? የመሬትን ሉል ያዝና ለንደንና ሲድኒ ላይ ክር ወጥረህ አጥብቀው። ክሩ የሚያልፍበት አጭሩ መንገድ እሱ ነው። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስታየው ወደ ሰሜን የተለጠጠ ቅስት ይመስላል፣ ብዙ ሰውም «አብራሪው ለምን ይዞራል?» ይላል። የሚዞረው ካርታው ነው። ክቡን መሬት ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጉት ወደ ዋልታዎቹ ያለው አካባቢ ያለ መጠኑ ይለጠጣል። ከለንደን ሲድኒ ያለው አጭር መስመር በሰሜን አውሮፓ ወጥቶ ሩሲያን፣ ካዛክስታንን፣ ቻይናን አቋርጦ ነው ወደ ደቡብ የሚወርደው። ሜዲትራኒያን ላይ አይደርስም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በል። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ መሬት ላይ ሁለት ቦታዎች ሊራራቁ የሚችሉት ቢበዛ 20,000 ነው። አንተ የመረጥከው መንገድ 17,000 ነው። ከዚህ ብዙም የሚርቅ ቦታ የለም ማለት ነው። ቀላል የሚመስለው ማካፈል የሚከሽፈውም በከፊል ለዚህ ነው፤ በአጭር መንገድ ላይ የማይታይ ስህተት እዚህ ሰዓታት ይሆናል።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። ርቀቱ የሚለካው መሬት ላይ ነው፣ አውሮፕላኑ የሚበረው ግን አየር ውስጥ ነው፣ አየሩም ራሱ ይጓዛል። 900 የምትለው ፍጥነት አውሮፕላኑ አየሩን የሚሰነጥቅበት ፍጥነት ነው። ሞተሩም የሚያውቀው፣ ነዳጁም የሚቆጠረው በዚያ ነው። ከመሬት አንጻር ስንት ይሄዳል የሚለው ግን ነፋሱ ተደምሮ ወይም ተቀንሶ ነው። ስለዚህ እኛ ዕቅድ ስናወጣ የምንሠራው በሁለት ርቀት ነው፤ በመሬት ርቀትና በአየር ርቀት። ለነዳጅና ለሰዓት የምናምነው ሁለተኛውን ነው።

በቁጥር እንየው። መንገዱ 17,000 ኪሎ ሜትር፣ የአየር ፍጥነቱ 900። መንገዱን ሙሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሆን ነፋስ ከኋላ ቢገፋ ከመሬት አንጻር 950 ትሄዳለህ፣ 17 ሰዓት ከ54 ደቂቃ። በዚያ ጊዜ አየሩን የሰነጠቅከው 16,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ 850 ትሄዳለህ፣ ልክ 20 ሰዓት። የአየር ርቀቱ 18,000 ሆነ። ከተሞቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ መንገዱ በ1,900 ኪሎ ሜትር ረዘመ። ለነዳጅ ታንክ ደግሞ ልዩነቱ የምር ነው።

ብዙ ሰው «እንግዲህ በሄድኩበት ያተረፍኩትን በመልሱ እከስራለሁ፣ ደርሶ መልስ እኩል ነው» ይላል። አይደለም። ነፋሱን 100 አድርገህ ሞክረው። ስትሄድ 17,000 ለ1,000፣ 17 ሰዓት። ስትመለስ 17,000 ለ800፣ 21 ሰዓት ከሩብ። ድምር 38 ሰዓት ከሩብ። ነፋስ ባይኖር 37 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነበር። ነፋሱ የሚጎዳህ ከሚጠቅምህ ይበልጣል፣ ምክንያቱም በሚጎዳህ በኩል ረጅም ሰዓት ትቆያለህ። ነፋስ ባለበት ሰማይ ደርሶ መልስ ሁልጊዜ ኪሳራ ነው።

ነፋሱ ደግሞ የዘፈቀደ አይደለም። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ጠባብ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በሰሜኑም በደቡቡም የመሬት አጋማሽ አለ፣ በክረምት ይበረታል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር መንፈስ ለሱ ብርቅ አይደለም። (ዋሳቡሮ ኦይሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ሊቅ በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ለክቶት ነበር። ውጤቱን ግን ኤስፔራንቶ በሚባለው ቋንቋ ስላሳተመው አንባቢ አጣ። ሌላው ዓለም በደንብ የተዋወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣዮች ከፍ ብለው መብረር ሲጀምሩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት ከፈለግህ የፌብሩዋሪ 2020ውን የኒው ዮርክ–ለንደን በረራ ውሰድ። ሲያራ የተባለው ማዕበል አትላንቲክን ሲያናውጥ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 መንገዱን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ጨረሰው። ከመሬት አንጻር በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደበት ጊዜ ነበር። ከድምፅ ፍጥነት አለፈ ብለው የጻፉ ነበሩ፣ ግን አላለፈም። በዙሪያው ያለው አየር አብሮት ነበር የሚሮጠው፤ በአየሩ ውስጥ እንደ ወትሮው ነው የበረረው። በተለመደ ቀን ያው መንገድ ወደ ምሥራቅ 7 ሰዓት አካባቢ፣ ወደ ምዕራብ 8 ሰዓት አካባቢ ነው ቲኬት ላይ የሚጻፈው።

እግረ መንገዴን አንድ የቆየ ወሬ ላፍርስ። «መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ከተማዋ ራሷ እየመጣችለት ቶሎ ይደርሳል» የሚል አለ። እንዲያ ቢሆን ሄሊኮፕተር ባለበት ተንሳፍፎ ቆሞ አገር ይቀይር ነበር። አየሩም አውሮፕላኑም ገና መሬት ላይ ሳሉ አብረዋት ነው የሚዞሩት። እንዲያውም እውነታው ተገላቢጦሽ ነው፤ ቶሎ የሚደርሰው ወደ ምሥራቅ የሚበረው ነው፣ እሱም በነፋሱ።

የእናንተ መንገድ ወደ ምሥራቅ ብቻ አይሄድም፣ ወደ ደቡብም ብዙ ይወርዳል፣ የምድር ወገብንም ያቋርጣል። ወገቡ አካባቢ ያ ኃይለኛ ነፋስ የለም። ስለዚህ ከኋላ የሚገፋችሁ በመንገዱ ከፊል ላይ ብቻ ነው። በሂያጅና በመልስ መካከል የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ማየታችሁ ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ የተቀረው የትራንዚት ቆይታ ልዩነት ነው።

ታዲያ በቀጥታ ቢበር ስንት ይፈጃል? ይሄ በግምት የሚመለስ አይደለም፣ ተሞክሯል። በ1989 የአውስትራሊያው አየር መንገድ ቃንታስ አዲስ የተረከበውን ቦይንግ 747-400 ከለንደን ሲድኒ ያለ ማረፍ በ20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ አበረረ። ግን እንዴት እንደሆነ ስማ። ከ20 ትንሽ የሚበልጡ ሰዎች ብቻ ናቸው የተሳፈሩት፣ ነዳጁ ተለይቶ የተዘጋጀና ከተለመደው ከበድ ያለ ነበር፣ መንገደኛ ከሚሳፈርበት በር እስከ ማኮብኮቢያው ድረስም ነዳጅ ለመቆጠብ በጎታች መኪና ነው የወሰዱት። በኖቬምበር 2019 ደግሞ ይኸው አየር መንገድ በአዲስ ቦይንግ 787-9 ደገመው። 50 ገደማ ሰው፣ 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ፣ የተበረረው ርቀት 17,800 ኪሎ ሜትር።

የመጨረሻውን ቁጥር ተመልከተው። አጭሩ መንገድ 17,016 ሆኖ ሳለ የተበረረው 17,800 ነው። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርፍ። አብራሪዎቹ ጠፍተው አይደለም። የተሻለ ነፋስ ወዳለበት መንገዱን ያጥፋሉ፣ ነጎድጓድ ይሸሻሉ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በሰጧቸው መስመር ይሄዳሉ፣ ሲነሱና ሲያርፉም ማኮብኮቢያው ወደሚያዝበት አቅጣጫ ይዞራሉ። ረዘም ብሎ ቶሎ የሚደርስ መንገድ አለ፤ ሥራችን እሱን መፈለግ ነው።

አሁን ቀጥታ በረራ ለምን ብርቅ እንደሆነ። ነዳጅ ከባድ ነው፣ ነዳጅን መሸከምም ነዳጅ ይበላል። በሥራ ላይ እንደ መነሻ የምንይዘው፣ ትርፍ የጫንከው ክብደት በየሰዓቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆነውን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል የሚል ነው። በ3 ሰዓት በረራ ላይ ይሄ እዚህ ግባ አይባልም። በ18 ሰዓት ላይ ግን አንድ ቶን ትርፍ ነዳጅ ብትጭን ግማሽ ገደማው ራሱን ለመሸከም ብቻ ያልቃል። የሲንጋፖር አየር መንገድ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ የሚያበረው ኤርባስ ኤ350-900 ዩኤልአር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ታንኩ እስከ 165,000 ሊትር ይይዛል፣ ክብደቱ ወደ 130 ቶን ይጠጋል፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭኖ መነሳት የሚችለው ደግሞ 280 ቶን ነው። ማለትም የሚነሳው ነገር ግማሹ ገደማ ነዳጅ ነው። ወንበሮቹ 161 ብቻ ናቸው፣ ኢኮኖሚ ክፍልም የለውም። ለምን እንደሚወደድ አሁን ገባህ።

ቃንታስም በ2022 ለሲድኒ–ለንደንና ለሲድኒ–ኒው ዮርክ ብሎ 12 ኤርባስ ኤ350-1000 አዝዟል። 238 ወንበር ነው ያቀደው፤ ይሄ አውሮፕላን በሌሎች አየር መንገዶች ከ300 በላይ ይጭናል። ትርፉ በጊዜ ሲታይ አሁን ካለው የአንድ ትራንዚት ጉዞ እስከ 4 ሰዓት መቀነስ ነው። ለእኔ ለ4 ሰዓት ብዬ 20 ሰዓት አንድ ወንበር ላይ አልቀመጥም፣ ሲንጋፖር ወርጄ እግሬን ባፍታታ እመርጣለሁ። ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የተኛ ልጅ ቀስቅሶ ፍተሻ ማሰለፍ ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ትራንዚታችሁ ሲንጋፖር መሆኑ ደግሞ ጥሩ ምርጫ ነው። ለንደን–ሲንጋፖር 10,880 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሲንጋፖር–ሲድኒ 6,300 ገደማ፣ ድምሩ 17,180። ከአጭሩ መንገድ የሚበልጠው በአንድ በመቶ ብቻ ነው። ሲንጋፖር መንገዱ ላይ ናት ማለት ይቻላል። በዱባይ በኩል 17,540 አካባቢ ይመጣል፣ በፐርዝ በኩል 17,780። ሁለቱም ቢሆኑ ብዙ አይደሉም። በሎስ አንጀለስ በኩል፣ በተቃራኒው አቅጣጫ መሬትን ዞሮ፣ 20,800 ገደማ ነው። በተቃራኒ አቅጣጫ ሄዶ 22 በመቶ ብቻ መጨመሩ ይገርማል፣ ግን ምክንያት አለው። ሲድኒ ለለንደን ከመሬት ሌላው ጎን ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት፤ ወደዚያ ጎን በተጠጋህ ቁጥር በየትም በኩል ብትሄድ መንገዱ እኩል እየሆነ ይመጣል። ለዚህ ነው ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ ትራንዚት ስትመርጥ ኪሎ ሜትሩን ትተህ የቆይታ ሰዓቱን ማየት ያለብህ። 500 ኪሎ ሜትር ማለት 35 ደቂቃ ነው። አየር ማረፊያ ውስጥ የሚባክን 5 ሰዓት ግን 5 ሰዓት ነው።

ለራስህ ማስላት ከፈለግህ ይሄን ያዝ፦ ለረጅም በረራ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ለ850 አካፍልና ግማሽ ሰዓት ጨምር። 900 ያላልኩት መንገድ ስለሚጣመም፣ መውጣትና መውረድም ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ደግሞ መሬት ላይ ለሚንፏቀቀው ነው፣ ምክንያቱም ቲኬት ላይ የሚጻፈው የአየር ሰዓት ሳይሆን አውሮፕላኑ ከበሩ ከተላቀቀ እስከ ሌላኛው በር እስኪቆም ያለው ነው። እንሞክረው። ለንደን–ሲንጋፖር 13 ሰዓት ከ20። ሲንጋፖር–ሲድኒ 7 ሰዓት ከ55። ኒው ዮርክ–ሲንጋፖር 15,350 ኪሎ ሜትር፣ 18 ሰዓት ተኩል አካባቢ፤ አየር መንገዱ ከሚሰጠው ጋር በጣም ይቀራረባል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ትንሽ ቀንስ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ትንሽ ጨምር። ለአጭር በረራ ግን ይሄ አይሠራም፤ በአጭር መንገድ አውሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነት ሳይጠግብ መውረድ ይጀምራል።

የእናንተን ሂያጅ በዚህ ስናየው 13 ሰዓት ከ20 ሲደመር 7 ሰዓት ከ55፣ 21 ሰዓት ከሩብ። ቲኬቱ በአጠቃላይ 23 ስለሚል ሲንጋፖር የምትቆዩት ከሁለት ሰዓት በታች ነው ማለት ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተቆረጡ ይሄ በቂ ነው፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ በሚቀጥለው የሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ነው። ረከሰ ብለህ ለየብቻ ሁለት ቲኬት የገዛህ ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ አያውቅህም። ያኔ ሁለት ሰዓት ቁማር ነው፣ እኔ ብሆን አላደርገውም።

ሒሳቡ የሚበላሽበት ሌላው መንገድ ፖለቲካ ነው። ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የዩክሬን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ነው፣ የሩሲያ ሰማይም ለአውሮፓ አየር መንገዶች ተዘግቷል። ለንደን–ቶኪዮ 9,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀመሩ 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ድሮም እንዲያ ነበር። አሁን ግን 14 ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ሄልሲንኪ–ቶኪዮ ከዚህም የባሰ ነው። 9 ሰዓት ተኩል የነበረው 13 ገደማ ደረሰ፤ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር በሰሜን ዋልታ በኩል መብረር ጀመረ። ከተሞቹ አልተራራቁም፣ ርቀት የሚነግርህ ገጽም አሁንም የድሮውን ቁጥር ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ አንድ ገጽ የሰጠህ ሰዓት ቲኬቱ ላይ ካለው በብዙ ካነሰ፣ መንገዱ መሀል ላይ የተዘጋ ሰማይ ይኖራል ብለህ ጠርጥር።

አሁን ወደ ባለቤትህ 34 ሰዓት። ቲኬት ላይ ያለው መነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ነው፣ መድረሻውም የመድረሻው። ሁለቱን በቀጥታ መቀነስ አይቻልም። ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ እኛ ዙሉ ወደምንለው ቀይራቸው። በዲሴምበር ለንደን ራሷ ዙሉ ላይ ናት፤ ሰኞ 20:30 ያው 20:30 ነው። ሲድኒ ያኔ በ11 ሰዓት ትቀድማለች፤ ረቡዕ 06:30 ላይ 11 ስትቀንስ ማክሰኞ 19:30 ይሆናል። ከሰኞ 20:30 እስከ ማክሰኞ 19:30፣ 23 ሰዓት። መልሱም እንዲሁ፤ ሲድኒ 16:00 ማለት 05:00 ዙሉ ነው፣ በማግስቱ 05:30 ለንደን ስትደርሱ 24 ሰዓት ተኩል ሆነ። ስትሄዱ ሰዓት «ጠፋባችሁ»፣ ስትመለሱ ተመለሰላችሁ፤ ሰውነታችሁ ግን ሁለቱንም ይቆጥረዋል።

ይቺ 11 ቁጥር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አትጸናም። እንግሊዝ በበጋ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሲድኒም በበጋ ትገፋለች፣ ግን በጋቸው ተገላቢጦሽ ነው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ልዩነቱ 11 ነው። ከኤፕሪል የመጀመሪያው እሁድ እስከ ኦክቶበር የመጀመሪያው እሁድ 9 ነው። በመካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት 10። ያው ሰኞ 20:30 ተነስቶ ረቡዕ 06:30 የሚደርስ ቲኬት በጁላይ ቢሆን 25 ሰዓት ነው፣ 23 አይደለም። ባለፈው ዓመት በሌላ ወር የሄደ ዘመድ የነገራችሁን ሰዓት አትያዙ።

የቀን መስመርን የሚያቋርጥ ጉዞ ደግሞ የባሰ ያደናግራል። ከቶኪዮ 17:00 ተነስቶ 10 ሰዓት በርሮ ሎስ አንጀለስ በዚያው ቀን 10:00 ጠዋት የሚገባ በረራ የተለመደ ነው። ከመነሳቱ በፊት ደረሰ ማለት ነው። በዙሉ ስታሰላው ግን 08:00 ተነስቶ 18:00 ገባ፣ ምንም ጉድ የለውም።

06:30 ሲድኒ መድረሳችሁም እንዲሁ የመጣ አይደለም። የሲድኒ አየር ማረፊያ በሕግ የሰዓት እላፊ አለው፤ ከ23:00 እስከ 06:00፣ በጥቂት ልዩ ፈቃዶች ካልሆነ በቀር፣ ትልልቅ የመንገደኛ ጄቶች አያርፉም፣ አይነሱም። ስለዚህ ዕቅድ የሚያወጣው ሰው መጀመሪያ መድረሻውን ነው የሚቸነክረው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥሮ መነሻውን ያገኛል። ነፋሱ በጣም ደግ የሆነ ቀን ደግሞ አውሮፕላኑ ቀድሞ ደርሶ ሰማይ ላይ እንዳይዞር መንገድ ላይ ፍጥነት እንዲቀንስ እናደርጋለን። መንገደኛው ይሄን አያውቅም፤ ስክሪኑ ላይ ፍጥነቱ ወረድ ብሎ ሲያይ ነዳጅ አነሰ እንዴ ብሎ ይደነግጣል። አትደንግጥ።

በተጨማሪ አየር መንገዶች ቲኬት ላይ ትርፍ ደቂቃ ይጨምራሉ። ያለፉትን ወቅቶች በረራ አይተው፣ አብዛኛው በረራ በሰዓቱ ደረሰ እንዲባል ሰዓቱን ሰፋ ያደርጉታል። «ዘግይተን ተነሳን፣ ግን በሰዓቱ ደረስን» የምትለው ነገር ምሥጢሩ ይሄ ነው።

የራስህን በረራ እውነተኛ ሰዓት ማየት ከፈለግህ የበረራ ቁጥሩን ያዝና ፍላይትራዳር24 ወይም ፍላይትአዌር በሚባሉት የበረራ መከታተያ ገጾች ላይ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ክፈት። በየቀኑ መቼ እንደተነሳና መቼ እንዳረፈ ተዘርዝሯል፣ መስመሩም ካርታ ላይ ይታያል። አንዱን ቀን ከሌላው ብታስተያይ የበረራው ሰዓት ይለያያል፣ መስመሩም ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ያ የነፋሱ ሥራ ነው። አንተ ግን ማየት ያለብህ የለንደን–ሲንጋፖሩን መድረሻ ነው። ከሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደዘገየ ቁጠር፤ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ከሆነ አየር መንገዱ ጋ ደውልና ሲንጋፖር ላይ ቀጥሎ ያለውን በረራ እንዲሰጡህ ጠይቅ፣ ቀኑ ሳይቃረብ ከሆነ አንዳንዴ ያለ ክፍያ ይቀይሩልሃል።